ጅቡን ከመክሰሳችን በፊት



አዘጋጆቹ «ከሙያሽ አንድ ነገር አካፍይን» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊት የማወራ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የማወራው ስለ ጅብ ነው። አትሳቁ፣ ወደ ሙያችን እመለሳለሁ።

ያደግሁት አንበሳሜ ነው። በስሙ ውስጥ አንበሳ አለ፤ እኔ በልጅነቴ የማውቀው ግን ጅብ ብቻ ነው። ጫካው ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን ድኩላውና ሚዳቋው ራቁ፤ እነሱን አድኖ የሚኖረው ነብርም አብሮ ተመናመነ። ጅብ ቀረ፤ አጥንት ሰብሮ፣ ጥንብ በልቶ፣ የሰው ትራፊ ለቅሞ መኖር ይችላላ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በሁዳዴ፣ የእናቴን አህያ ጅብ በላት። ከዚያ በኋላ እህሉን ወደ ወፍጮ፣ ውሃውን ከምንጭ በጀርባዋ ያመላለሰችው እናቴ ናት። ዛሬ የወገቧን ራጅ ባየሁ ቁጥር ያቺ አህያ ትመጣብኛለች። የሰፈሩ ሰው ተናዶ በአንድ ጥንብ ላይ መርዝ ነሰነሰ። ጅቦቹ ሞቱ፤ ውሾቹና ጥንብ አንሳዎቹም አብረው አለቁ። በክረምቱ ወንዝ ዳር የሞተ በሬ የሚያነሳው ጠፍቶ ሰፈሩን አገማው።

«ለምን በሁዳዴ?» ብዬ የጠየቅሁት ሐኪም ከሆንኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መልሱን ያገኘሁት በትግራይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ከታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ ሰብስበው በውስጡ የተገኘውን ፀጉር መረመሩ። በ55ቱ የጾም ቀናት ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ አጥንትና አንጀት የሚጥል የለም። በዚያ ጊዜ የተገኘው የአህያ ፀጉር ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ጾሙ ሲፈታ ቀነሰ። የጅቡ ጠባይ አልተለወጠም፤ ማዕዱ ተነሳበት እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የመቀሌ ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ የእንስሳት ጥንብ እንደሚያነሱ፣ በዚህም አባ ሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ከሰውም ከከብትም እንደሚከላከሉ አስልቷል። ደሞዝ የማንከፍለው የጽዳት ሠራተኛ ማለት ነው።

ይህ ሲጓደል ምን እንደሚመጣ ህንድ አይታለች። ለከብት የተሰጠው ዳይክሎፌናክ፣ ያው እኛ ለወገብ ሕመም በየቀኑ የምናዘው፣ ጥንቡን የበሉትን ጥንብ አንሳዎች ኩላሊት እያበላሸ ፈጃቸው። ጥንቡ ለውሻ ተረፈ፤ ውሻው በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም አብሮ አደገ።

አሁን ወደ ሙያችን። በጅብ የተነከሰ ሰው ሲመጣ ቁስሉን አጥበን፣ ክትባቱን ጀምረን እንሸኛለን። እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። «በሰፈራችሁ ሰሞኑን ምን ተለወጠ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ታሪክ ሳይቀበሉ መድኃኒት መጻፍ ስህተት መሆኑን ግን እዚሁ ግቢ ተምረነዋል። መርዝ መነስነስም እንዲሁ ምርመራ የሌለው ሕክምና ነው።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ እኛ ስንጾም እሱንም ጹም ልንለው ኖሯል?» አለችኝ። አሁን ሌላ አህያ አላት። ከቅበላ ማግስት እስከ ፋሲካ ቤት ውስጥ፣ በር ዘግታ ታሳድራታለች። እስካሁን ደህና ናት።