ሰያፉ መስመርና የሸማኔያችን መርገጫ



የካኪ ሱሪን ጉልበት ጠጋ ብሎ ያየ ሰው በሰያፍ የተሰመሩ ደቃቅ መስመሮችን ያገኛል። ነጠላ ላይ ግን የሉም። ልዩነቱ ማጉ ድሩን በሚያልፍበት ሥርዓት ነው። በነጠላና በአቡጀዲ ማጉ አንዱን ድር ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለ ይሄዳል። በሰያፍ ሽመና ለምሳሌ ሁለቱን ከላይ፣ ሁለቱን ከታች ያልፍና በሚቀጥለው ውርወራ መነሻውን አንድ ድር ፈቀቅ ያደርጋል፤ መስመሩ የሚወጣው ከዚህች ፈቀቅታ ነው። የዛሬው ሐሳቤ ይህ ነው፦ የሥራ ልብስ ጥንካሬ ከክሩ ውፍረት ይልቅ በዚህ ሥርዓት ላይ ያረፈ ነው፤ ስለዚህ ሥርዓቱን ከፋብሪካ ብቻ መጠበቅ የለብንም፤ ሸማኔዎቻችን እጅ ሊገባ ይገባል።

ማጉ ከላይ ወደ ታች በተሻገረ ቁጥር በድሮቹ መካከል ቦታ ይፈልጋል። መሻገሪያው ሲቀንስ ድሮቹ ይጠጋጋሉ፤ በአንድ ስንዝር ውስጥ ብዙ ክር ይገባል፤ ጨርቁም ወፍሮ ሳለ እንደ ልብ ይታጠፋል። እሾህ ሲይዘው ክሮቹ ተንሸራተው ይሰበሰቡና ጉተታውን አብረው ይቀበላሉ። የአቡጀዲ ክሮች ግን ባሉበት ታስረው ስለሚቀሩ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ፤ የጨርቅ ነጋዴ አቡጀዲን በመቀስ ጫፍ ነክቶ በእጁ ቀጥ አድርጎ የሚተረትረው ለዚህ ነው። የጂንስ ሱሪም በሰያፍ የተሸመነ ነው፤ እግሩን ገልብጡት፤ ውጭው ሰማያዊ፣ ውስጡ ነጣ ያለ ነው። የተነከረው ድሩ ብቻ ነው፤ ነጩ ማግ ደግሞ በሦስት ድር ሥር አልፎ በአንዱ ላይ ብቻ ይወጣል። በ1873 በፈረንጆች አቆጣጠር ልብስ ሰፊው ጃኮብ ዴቪስና ነጋዴው ሌቪ ስትራውስ አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኙት በጨርቁ አልነበረም፤ የኪሱን ጥግ በሚይዘው የብረታ ብረት ማያያዣ (ሪቬት) ነበር። ማጠናከሪያ የፈለገው የስፌቱ መጋጠሚያ ነበርና።

«የአባቶቻችን ሸማ ምን ጎደለው?» የሚል ይኖራል። ምንም አልጎደለውም። ሸማኔያችን ውፍረትን ያገኘው በመደረብ ነው፤ ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ በመካከሉ አየር ይዞ ያሞቃል። ጋቢ በሰያፍ ይተካ ቢባል እኔም እቃወማለሁ። ነገር ግን ድርብ ሸማ ለብሶ ድንጋይ መሸከም፣ መስኖ መቆፈር አይቻልም። ሌላው «በእኛ የሽመና ዕቃ አይሆንም» ይላል። እውነት ነው፤ በሁለት መርገጫ ሰያፍ አይወጣም፤ ቢያንስ ሦስት፣ ለሁለት በሁለቱ ደግሞ አራት ያስፈልጋል። ነገር ግን ጉድጓዱም መወርወሪያውም ያው ናቸው፤ የሚጨመሩት ድር ማንሻዎችና መርገጫዎች ናቸው። ድር በእጁ እየለቀመ ጥበብ ለሚያወጣ ሰው የአራት መርገጫ ሂሳብ አይከብድም።

ከባዱ ተቃውሞ የዋጋው ነው። በእጅ የተሠራ ሱሪ ከፋብሪካ ካኪና ከሰልባጅ ጂንስ ጋር በዋጋ አይወዳደርም፤ ይህን መካድ ሸማኔውን ማክሰር ነው። ለእኛዋ የመርሳ ከተማ ፀሐይም ሸሚዝ ሳሳ ካለ ጨርቅ ቢሆን ይሻላል። ስለዚህ ጅማሬው ከሱሪ ባይሆን እመርጣለሁ፤ በእጅ የተሸመነው ጨርቅ ስፋት ከሚበቃለት፣ ጭነትና ፍትጊያ ከሚበዛበት ዕቃ ይሁን፦ ከፍራፍሬ መሸከሚያ ከረጢት፣ ከሽርጥ፣ ከመቀመጫ ልባስ። ድሩም ማጉም ጠበቅ ተደርጎ የተፈተለ ክር ይሁን፤ ለጋቢ የሚስማማው ለስላሳ የእጅ ፈትል ለዚህ ቶሎ ይላላል።