«ምርመራ» የሚለው ዓምድ
(በአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሰዎች ስለሆንን ዛሬም ስለ ቁጥር እንደምናወራ ሳትጠረጥሩ አትቀሩም። እውነት ነው። የምናወራው ግን ስለ ድምሩ ሳይሆን በቁጥሮች መካከል ስለምናያቸው ትንንሽ እንግዳ ነገሮች ነው።

ሁላችንም ከምናውቀው እንጀምር። ታላላቆቻችን 50 ሳንቲምን ሽልንግ፣ 25 ሳንቲምን ስሙኒ ይላሉ። ሳንቲሞቹ ላይ ግን እንዲህ የሚል አልተጻፈም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ከእንግሊዞች ጋር የገባው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በገበያችን ይሠራበት ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ፤ ግማሽ ብርም አንድ ሽልንግ ሆነ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ደግሞ የሽልንግን ግማሽ ሱሙኒ ይሉታል፤ ያ በእኛ 25 ሳንቲም ነው። ገንዘቡ ከሄደ ስንት ዘመኑ! ስሙ ግን በአፋችን ቀረ።

የቁጠባ መዝገባችንም እንዲህ ባሉ ነገሮች የተሞላ ነው።

እንቁላልና ቅቤ ቸርቻሪ የሆነች አባል አለችን። ቁጠባዋ በየዓመቱ ለሁለት ወር ያህል ይወርዳል። ጉድለቱ አንድ ዓመት በየካቲት መጀመሪያ፣ ሌላ ዓመት በየካቲት መጨረሻ ስለሚጀምር መዝገቡን ብቻ ለሚያይ ሰው ግራ ያጋባል። ዐቢይ ጾምን ላስታወሰ ግን ግልጽ ነው፦ 55 ቀን ደንበኞቿ ዕቃዋን አይገዙም፤ የፋሲካም ቀን በየዓመቱ ይለዋወጣል።

ሌላዋ በቀን ሥራ የምትተዳደር ናት። መዋጮ በማንጠብቅበት በጳጉሜ ገንዘብ ይዛ ትመጣለች። ጳጉሜ የወር ደመወዝተኛ የማይከፈልበት፣ የቤት ኪራይም የማይታሰብበት ጊዜ ነው። ለእሷ ግን የአምስቱ ቀን ገቢ ከኪራይ የተረፈ ነው፤ የመስከረም የልጆች ደብተር ከዚያ ይገዛል።

አንዷ ደግሞ የቁጠባ ደብተሯን ወደ ቤት ወስዳ አታውቅም። «እናንተው ጋ ይቀመጥልኝ» ትላለች። ለምን ብለን አልጠየቅናትም። መጠየቅም የለብንም።

መዝገባችን በስተቀኝ ጫፍ «ምርመራ» የሚል ዓምድ አለው። ከዓመት ዓመት ባዶውን ይከርማል። መተዳደሪያ ደንባችን ግን ለዘገየ መዋጮ ቅጣት ይቆርጣል። ይህ ማለት የእንቁላል ነጋዴዋ ቅጣት የሚመጣው ገበያዋ በቀዘቀዘበት ሳምንት ነው። ቅጣቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደራረብ አባሏ መክፈል ብቻ ሳይሆን መምጣትም ልትተው ትችላለች። ያኔ ማኅበሩ የሚያጣው ቁጠባዋን ብቻ አይደለም፤ እሷንም ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቅጣት ከመጻፉ በፊት አባሏ ለብቻዋ ትጠየቅ፤ ምክንያቷም በምርመራ ዓምድ በአጭሩ ይስፈር። መናገር ካልፈለገች «የግል ጉዳይ» ተብሎ ይታለፍ። ገቢዋ በታወቀ ወቅት የሚቀንስ ከሆነ የመክፈያ ጊዜዋ አስቀድሞ ይስተካከል።

«እኔም ተቸግሬ በቀኑ ከፍያለሁ፤ እሷ ለምን ትታለፋለች?» የምትል እህት ልትኖር ትችላለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ምክንያት መስማት ዕዳ መሰረዝ አይደለም፤ መዋጮው በሙሉ ይከፈላል። የሚለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። የተቸገረችና በቀኑ የከፈለች እህትም ብትሆን ምን ተቸግራ እንደከፈለች የምትነግርበት ዓምድ ታገኛለች።

ደጋፊዎቻችን፣ በምንልክላችሁ ሪፖርት የወር ቁጠባ ከፍ ዝቅ ሲል ብታዩ ወዲያው ድክመት ነው አትበሉ። የጾም፣ የክረምት፣ የትምህርት መክፈቻ ወራት በቁጥሩ ውስጥ አሉ። ጠይቁን፤ እንነግራችኋለን።

እህቶች፣ ሐሳቡ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ለድምፅ ይቀርባል። እስከዚያ የየቁጠባ ደብተራችሁን ገልጣችሁ እዩት። የጎደለበትን ወር ስታገኙ ምን እንደነበረ እናንተ ታውቃላችሁ። ልትነግሩን ከፈቀዳችሁ የሚጻፍበት ቦታ አለ።