ጠጉር ከጫፉ ይበጠራል

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጠጉር አበጣጠር ነው። «ይሄ ደግሞ ምን የሚነገርለት ነገር አለው? ሚዶ ይዞ ማበጠር ነው እንጂ» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያው እል ነበር። አርሲ ነገሌ ውስጥ አንድ ግቢ ያየሁት ነገር ነው ሐሳቤን ያስለወጠኝ።

ጊዜው ማለዳ ነው። አንዲት እናት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የስምንት ዓመት ልጇን ከፊቷ አስቀምጣ ጠጉሯን ታበጥራታለች። ልጅቱ ትምህርት ቤት ልትሄድ ነው፤ ሰዓቱ ደርሷል። ጠጉሯ ከተፈታ ሳምንት ሆኖታል፤ ደርቋል፣ ተቋጥሯል። እናት ሚዶውን ከሥሩ ትሰካና ወደ ጫፍ ትጎትታለች። ሚዶው መሀል ላይ ይያዛል። እንደገና በኃይል ትጎትታለች። ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ልጅቱ ታለቅሳለች።

«ዝም በይ! ጠጉርሽ ከርዳዳ ሆኖ እኔ ምን ላርግሽ?» ትላለች እናት። ከሚዶው ላይ አንድ እፍኝ ጠጉር አወጣች። ተናደደችና «በቃ፣ ነገ አስላጭሽና እገላገላለሁ!» አለች። ልጅቱ ይህን ስትሰማ የባሰ አለቀሰች።

አያትየው በር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ልጆቹ አኮ ይሏቸዋል፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ተነሥተው መጡና ሚዶውን ተቀበሏት። መዳፋቸውን በውሃ አረሱ። የልጅቱን ጠጉር በእርጥብ እጃቸው ዳበሱት። ትንሽ ቅቤ በጣቶቻቸው አሟሙተው ቀቡት። ከዚያ ጠጉሩን አራት ቦታ ከፈሉና አንዱን ክፍል በግራ እጃቸው ጨበጡ። ሚዶውን ሥሩ ላይ አልሰኩትም። ጫፉ ላይ፣ ከሁለት ጣት በማይበልጥ ርዝመት ጀመሩ። ያ ሲፈታ ትንሽ ከፍ አሉ። ያም ሲፈታ እንደገና ከፍ አሉ።

«ሱታ፣ ሱታ» ይሉ ነበር፤ ቀስ በይ ለማለት ነው። ቀጥለውም «ፈትል ሲወሳሰብ ውሉን ትፈልጊያለሽ እንጂ ከመሀል ትጎትቻለሽ እንዴ?» አሏት። ልጅቱ ማልቀሷን ተወች። ሚዶው ላይ የቀረው ጠጉር በጣት የሚቆጠር ነበር።

ነገሩ ይኸው ነው። ግን ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ብናውቅ ይጠቅመናል።

ከራስ ቆዳ በላይ የምናየው ጠጉር ሕይወት የለውም። ሕይወት ያለው ከቆዳው ሥር ያለው ሥሩ ብቻ ነው። ጠጉር የተሠራው ጥፍርና የከብት ቀንድ ከተሠሩበት ነገር ነው። ስለዚህ ስንቆርጠው አያመንም፤ ቶሎም አይበሰብስም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጠጉራቸውን ሹሩባ ይሠሩ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ እንግሊዞች ከጠጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ። ያ ጠጉር ኋላ ለንደን በሚገኝ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተቀመጠ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከ150 ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ ጠጉር እንደሆነ ቆይቷል።

ጠጉር ቶሎ አይበሰብስም፤ ነገር ግን ቢቆስል አይድንም። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ የተቆረጠ ቆዳ ይሽራል። የተሰነጠቀ ጠጉር ግን ተመልሶ አይገጥምም፤ ሥሩ ሌላ እስኪያበቅል መጠበቅ ብቻ ነው። ጠጉር ደግሞ በወር የሚያድገው ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ነው፤ የተጠቀለለ ጠጉር ከዚያም ሊያንስ ይችላል። እንግዲህ አንድ ስንዝር ለማደግ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እኛ ግን ለትምህርት ቤት ሰዓት ስንሮጥ በሁለት ደቂቃ እንበጥሰዋለን።

የአንድ ዘለላ ጠጉር የውጭ ልባስ በጣም ትንንሽ በሆኑ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ቅርፊቶቹ የሣር ቤት ክዳን እንደሚደራረበው ይደራረባሉ፤ ጫፋቸውም ወደ ጠጉሩ ጫፍ ያያል። ክዳኑ ሲሳሳ ዝናብ ወደ ቤት እንደሚገባ፣ ቅርፊቱም ሲነሣ ጠጉሩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጠጉርን ከጫፍ ወደ ሥር ገልብጦ ማበጠር ጉዳት የሚያመጣው ለዚህ ነው።

ሉጫ ጠጉር ላይ የራስ ቆዳ የሚያወጣው ቅባት እስከ ጫፉ ይወርዳል። የተጠቀለለ ጠጉር ላይ ግን ቅባቱ በየመጠምዘዣው ላይ ይቀራል፤ ጫፉ ይደርቃል። ደግሞም ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ ከታጠፈበት እንደሚሰበር ሁሉ፣ ጠጉርም የሚበጠሰው ከተጠማዘዘበት ላይ ነው። ከርዳዳ ጠጉር መጥፎ ጠጉር አይደለም። አያያዙ ሌላ ነው እንጂ። ያቺ እናት ልጇን «ከርዳዳ» ብላ ከመቆጣት ሚዶ አሰካኳን ብትለውጥ ኖሮ ለቅሶው ባልመጣ ነበር።

ጠጉር በእርጥብነቱ ይበጠር ወይስ በደረቁ? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል። መልሱ እንደ ጠጉሩ ዓይነት ይለያያል። ውሃ የጠጣ ጠጉር ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሉጫ ወይም ዞማ ጠጉር ያላችሁ ከታጠባችሁ በኋላ እስኪጠፈፍ ጠብቁ። የተጠቀለለ ጠጉር ያላችሁ ግን ክው ብሎ በደረቀበት አትንኩት። ረጠብ ብሎ፣ ቅቤ ወይም ሌላ ቅባት ተቀብቶ፣ በመጀመሪያ በጣት ቢፈታ፣ ከዚያ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ቢበጠር ይሻላል። የምታበጥሩትን ክፍል ከሚዶው በላይ በሌላው እጃችሁ ጨብጡት። ያን ጊዜ ጉተቱ እጃችሁ ላይ ይቀራል፤ የልጅቱን ራስ አያምም። አያትየው ጨብጠው የያዙት ለዚህ ነው።

ሚዶ ስትገዙ ጥርሱን በጣታችሁ ዳብሱት። እንጨትም ሆነ ቀንድ ወይም ፕላስቲክ፣ ስንጥርና ሹል ነገር ካለበት ጠጉር ይፍቃል። ጥርሱ የረገፈ ሚዶም እንዲሁ ነው። ጥርሱ የጠበቀ ማበጠሪያ ቅማልና ቅጫም ለማውጣት ይጠቅማል፤ በየቀኑ ለመበጠር ግን አይሆንም። ብዙ ማበጠርም ጠጉር አያሳድግም። ለማስተካከል ያህል ይበቃል።

ስለ ቅቤ አንድ ነገር ልበል። በአርሲም በሌላውም የአገራችን ክፍል እናቶች ጠጉርን በቅቤ ማራስ የቆየ ልማዳቸው ነው። ቅቤ ጠጉሩን ያለሰልሳል፣ ሚዶው እንዲንሸራተት ያደርጋል። ይህ እውነተኛ ጥቅሙ ነው። ጠጉርን ይመግባል የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ ሕይወት የሌለው ነገር አይበላም። ሥሩን የሚመግበው በአፋችን የምንበላው ምግብ ነው። የከረመ ቅቤ ላይ ቅቤ እየጨመሩ፣ አቧራው በላዩ እየተጋገረ መቆየትም ደግ አይደለም። መታጠብ ያስፈልጋል።

የምንታጠብበት ሳሙና ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የልብስ ሳሙናና የልብስ ዱቄት ሳሙና ለጠጉር ኃይለኛ ናቸው፤ ቅርፊቱን ያነሡታል። ከአርሲ ነገሌ ብዙ ሳይርቁ ያሉት የአብያታና የሻላ ሐይቆች ውሃቸው ሶዳ የበዛበት ነው፤ ጠጉር ላይ የሚያደርገውም ያንኑ ነው። ላንጋኖ ወርዳችሁ የዋኛችሁ እንደሆነም ስትወጡ ጠጉራችሁን በጉድጓድ ወይም በቧንቧ ውሃ አለቅልቁት።

አርሲ ነገሌ በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ናት። እሳት ዳር ውለው አረቄ የሚያወጡ እናቶች ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል። ሙቀቱና ጭሱ ጠጉር ያደርቃል። ሻሽ ማሰር ይረዳል። ሻሹ ግን ግንባር ላይ ቋጠሮው እንዳይጠብቅ።

አሁን ወደ ወደቀው ጠጉር እንምጣ። እናቶች ከሚዶ የወጣውን ጠጉር ሜዳ ላይ አይጥሉም፤ ጠቅልለው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሸጉጡታል። ከመሸጎጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ብርሃን አውጥታችሁ እዩት። ረጅም ከሆነና በአንዱ ጫፉ ትንሽ ነጭ እብጠት ካለው፣ ዕድሜውን ጨርሶ ከነሥሩ የወጣ ነው። ከማንኛውም ጤነኛ ሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆን ጠጉር እንዲህ ይወድቃል። ጠጉሩ ለሳምንት ተሠርቶ ሲፈታማ የሳምንቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ ብዙ ይመስላል፤ አትደንግጡ። የወለደች ሴትም ከወለደች ወደ ሦስት ወር ገደማ ጠጉሯ በብዛት ሊረግፍ ይችላል። ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ቁርጥራጭ፣ አጫጭር፣ ነጭ እብጠት የሌለው ጠጉር ካያችሁ ግን የተበጠሰ ነው። ያን ጊዜ ሚዶአችሁንና እጃችሁን መርምሩ።

ከሁሉ የከፋውን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ለበዓል ጊዜ፣ ለአረፋም ይሁን ለፋሲካ፣ ሹሩባ እንሠራለን። «ጠበቅ አርጊው፣ እንዲቆይ» እንላለን። ግንባሩ ተወጥሮ ዓይን እስኪጠብ ድረስ ይጎነጎናል። ሌሊት መተኛት ያቅታል። በማግስቱ በግንባሩ ዳር ትንንሽ ብጉር ይወጣል። ይህ ጠጉሩ ከሥሩ እየተነቀለ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ሚዶ የሚበጥሰው ጠጉር ሥሩ ደህና ስለሆነ ይተካል። ለዓመታት ተጠብቆ የተጎተተ ሥር ግን ይሞታል፤ የግንባሩ ዳር ይመለጣል፤ ከዚያ በኋላ ቅቤም መድኃኒትም አይመልሰውም። ሳይቆይ ከተደረሰበት ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ ሹሩባ የምትሠራውን ሴት «አመመኝ» በሏት። አትፈሩ። ሕፃን ልጅ «አመመኝ» ስትልም «ውበት ነው፣ ቻይው» አትበሏት።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የሚዶውም የሹሩባውም አይደለም። ልጁ ራስ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ጠጉሩ ከቆዳው አጠገብ ከተሰበረ፣ ቆዳውም ከተላላጠና ካሳከከው፣ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ቆረቆር ፈንገስ የሚያመጣው በሽታ ነው። በሚዶ፣ በባርኔጣና በመላጫ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ቅቤ አያድነውም፤ ቅባት መድኃኒትም ብቻውን አይበቃውም። ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚያስፈልገው ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እስኪድን ድረስ ሚዶውን ለብቻው አድርጉለት። የቤቱንም ሚዶ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ።

ያቺን ልጅ ማታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አየኋት። ጠጉሯ አልተላጨም። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ የታናሽ እኅቷን ጠጉር ይዛለች። በአንድ እጇ ጨብጣ፣ በሌላው ከጫፉ ጀምራ ታበጥራለች። ትንሿ ተቁነጠነጠች። ትልቋ «ሱታ፣ ሱታ» አለቻት።