ለዕቃ አንድ ወረቀት፣ ለሰው ስድስት መስኮት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የጤና አገልግሎትና የማኅበራዊ ኑሮ ርዳታ በአንድ ሰው ዙሪያ እንዴት ሊገናኙ እንደሚችሉ የሚመረምር ነው። ርእሱ ከባድ ነውና ባለፈው ክረምት ከሰነበትኩባት ከሞጆ ልጀምር። እዚያ አክስቴ ከደረቅ ወደቡ አጠገብ ለሾፌሮችና ለጫኝ አውራጆች ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። እኔም ክረምቱን ያሳለፍኩት ብርጭቆ ሳጥብ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆኔን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም።

ደረቅ ወደቡ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረ ሲሆን በአገራችን ካሉት ሁሉ ትልቁ ነው። አንድ ነጋዴ ከባሕር ማዶ ዕቃ ሲያስመጣ መልቲሞዳል በሚባለው አሠራር አንድ የጭነት ሰነድ ይቆረጥለታል። ዕቃው ጅቡቲ ላይ ከመርከብ ሲወርድ፣ በባቡር ወይም በከባድ መኪና ሲጫን፣ ሞጆም ሲደርስ ነጋዴው በየመካከሉ እየሮጠ ማስረከብና መረከብ የለበትም። ኃላፊነቱ ከመነሻው እስከ ሞጆ የአንድ አጓጓዥ ነው። መጓተት የለም አልልም፤ ሾፌሮቹ ስለ ወረፋ የሚናገሩትን በዚህ ጉባኤ ፊት ልደግመው አይገባኝም። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ ሣጥኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጠየቅበት አንድ አካል አለ።

አሁን ከሣጥኑ ውስጥ ዕቃውን ወደሚያወርደው ሰው እንሻገር። ከአክስቴ ደንበኞች አንዱ ከከምባታ የመጣ ጎልማሳ ነበር። ሳል ያዘው፤ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር ሆነው። አክስቴ ተቆጥታ ወደ ሕክምና ላከችው፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። በመጀመሪያ ካርድ ክፍል፣ ቀጥሎ ሐኪሙ ዘንድ፣ ከዚያ ላቦራቶሪ። የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። አራተኛው መስኮት መድኃኒት የሚሰጥበት ነበር። እንደሚታወቀው የነቀርሳ መድኃኒት በአገራችን በነጻ ይሰጣል፤ ለስድስት ወርም ሳይቋረጥ ይወሰዳል። እዚህ ድረስ በማንም ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ነርሷም ትሑት ነበረች። ያስረዳችው ግን በአፋን ኦሮሞ ስለነበረ እሱ ከሁለት ቃል በላይ አልገባውም። ሲመለስ አክስቴ ናት የተረጎመችለት።

ነርሷ ደኅና ምግብ ብላ፣ ከባድ ሸክም አታንሣ፣ በተጨናነቀ ክፍል አትደር ብላው ነበር። እንግዲህ አስቡት። ይህ ሰው የሚበላው ሸክም ሲያነሣ ብቻ ነው። የሚያድረውም ከአራት ሰዎች ጋር በተከራዩት አንድ ክፍል ነው። ርዳታ ለመጠየቅ ወደ አንድ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄደ፤ ያ አምስተኛው መስኮት መሆኑ ነው። የነዋሪነት መታወቂያ አምጣ ተባለ፤ የሱ መታወቂያ የትውልድ ቀበሌው ነው። ስድስተኛው መስኮት የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል ነበር፤ ከቀበሌህ ደብዳቤ አጽፍ ብለው መለሱት። በየመስኮቱ ያገኘናቸው ሰዎች ሁሉ በየሕጋቸው ትክክል ነበሩ። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

ሕጎቻችን የተሠሩት ቤት ላለው ሰው ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንን ውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ለገበሬውና ደመወዝ ለሌለው ከተሜ ታስቦ ነው፤ ታላቅ ሥራም ነው። አባል የሚኮነው ግን በቤተሰብ ሆኖ በሚኖሩበት ቀበሌ ነው። የከተማ ሴፍቲኔት በመጀመሪያው ምዕራፉ 11 ከተሞችን ሲይዝ አዳማ ነበረችበት፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቀው ሞጆ ግን አልነበረችበትም። ኋላ ወደ ሌሎችም ከተሞች ተስፋፍቷል። ሆኖም አምስት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩ ወንዶች ቤተሰብ ናቸው ወይስ አይደሉም? ከከምባታ ሞጆ፣ ከሞጆ ጅቡቲ የሚመላለስ ሰው የማን ነዋሪ ነው?

ሐኪምንና የኑሮ አማካሪን ማገናኘት ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ወግ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። እርግጥ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ሰውን ማእከል ያደረገና የተቀናጀ አገልግሎት የሚል መርሕ አጽድቋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1953 ወባ ደምቢያን ከፈጀ በኋላ በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒቴሪያኑን በአንድነት አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። አንዱ በሽተኛውን ሲያይ አንዷ እናትና ሕፃናቱን፣ ሌላው የውኃ ጉድጓዱን ያያል። በ1959 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘግቶ እስከ 2004 ሳይከፈት ቆየ። ነርሶችን ስናሠለጥን ኖረን፣ ከነርሷ አጠገብ ተቀምጦ «የት ታድራለህ?» ብሎ የሚጠይቀውን ሰው ለአንድ ትውልድ ሳናሠለጥን ቀረን ማለት ነው።

ድህነት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለም የሚል ጓደኛ ይኖራል። ድህነቱ እውነት ነው። ዳሩ ግን ሀብታሚቱ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1948 ሕክምናውን ለብቻ፣ የአረጋውያንን መጦሪያ ደግሞ ለአካባቢ ምክር ቤቶች ከፋፍላ ሰጥታ፣ ሁለቱን ለማገናኘት እስከ 2022 ድረስ ሕግ ስታወጣ ኖራለች። በእኛ አገር ደግሞ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1974 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል አለ። እዚያ ሥራው በቀዶ ሕክምናው አያልቅም፤ ፈጽሞ መዳን ለማይችሉት ሴቶች ደስታ መንደር ተሠርቶላቸዋል። «ከዚህ ስትወጣ ወዴት ትሄዳለች?» የሚለውን ጥያቄ የሕክምናው ክፍል አድርገውታል።

ወደ ሰውየው ልመለስ። በሦስተኛው ሳምንት ሳሉ ቀነሰለትና ወደ ሸክሙ ተመለሰ፤ ባቡር በገባ ቀን መድኃኒቱን ሳይወስድ ይቀር ጀመር። እንዲህ የሚቋረጥ ሕክምና መድኃኒት የማይበግረው ነቀርሳ ሊያመጣ እንደሚችል የሕክምና ተማሪዎቻችን ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። በመጨረሻ አክስቴ ራሷ ነርሷ ዘንድ ሄደች። መድኃኒቱን በየጠዋቱ እሷ ፊት እንዲውጥ ተስማሙ፤ ካልዋጠ ዳቦ የለም። የጫኝ አውራጆቹ አለቃ ደግሞ ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ ተለምኖ ለጊዜው ዕቃ ቆጣሪ አደረገው። ማንም ደብዳቤ አልጻፈም። በመስከረም ስለያቸው ሦስተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ከአራቱ አብሮ አዳሪዎች ሦስቱ ተመርምረዋል፤ አራተኛው የሾፌር ረዳት ሆኖ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር።

አክስቴ የሠራችውን ሥራ የሚሠራ፣ ስሙ የታወቀ፣ ደመወዝ ያለው ሰው በየጤና ጣቢያው ሊኖር ይገባል እላለሁ። ያ ሰው እስኪመጣ ከማኅበራችን የምጠይቀው ትንሽ ነው። በሚመጣው የመስክ ልምምድ የነርስና የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ፈቃዱን ከሰጠ አንድ በሽተኛ ጋር ከካርድ ክፍል እስከ ማደሪያው ይሂዱ፤ ስንት መስኮት እንደቆመና በየትኛው እንደተመለሰ ይጻፉ። መምህራኖቻችንም ጽሑፉን ከሁለቱም ክፍል ሆነው በአንድነት ቢያርሙልን ደስ ይለናል። መዝገቡ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል፤ እስካሁን አራት ስም አለበት፣ አራቱም የነርስ ተማሪዎች ናቸው።