ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ሰው

ወገኖቻችን፣ ዛሬ የምንነጋገረው በየማሳው ዳርና በእንሰቱ መካከል ስለቆሙት ትክል ድንጋዮች ነው። ከልጅነታችሁ ጀምሮ ታውቋቸዋላችሁ። ከብት የሚታከክባቸው አሉ፤ የወደቁም አሉ።

ከዲላ በስተደቡብ ሁለት ታላላቅ ቦታዎች ይገኛሉ። አንዱ ጨልባ ቱቲቲ፣ ሌላው ቱቱ ፈላ ይባላል። የጨልባ ቱቲቲዎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ብዙዎቹ በወንድ ብልት አምሳል የተጠረቡ ናቸው። ይህን ስንል የሚያፍር አይኑር። የጥንት ሰዎች ያላፈሩበትን እኛን ምን ያሳፍረናል? በቱቱ ፈላ ግን ድንጋዩ ሰው ሆኗል። ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ወጥቶለታል። ክንድ ያላቸውም አሉ። ከሥራቸው መቃብር ተገኝቷል። መጀመሪያ በብልት አምሳል ተጠርበው፣ ኋላ ፊት የተቀረጸባቸውም አሉ።

ስም ባይጻፍባቸውም አንድ ነገር ይነግሩናል። ያን የሚያህል ድንጋይ መፈልፈል፣ መጎተትና ማቆም የብዙ ሰው ጉልበት ይጠይቃል። ለማንም ለማን ይህን ያህል አይደከምም።

ነገሩ ይበልጥ የሚገባን ወደ ኮንሶ ስንሻገር ነው። ኮንሶዎች ጠላት ወይም አደገኛ አውሬ ለገደለ ጀግና፣ ከሞተ በኋላ የእንጨት ምስል ያቆሙለት ነበር። ምስሉ ዋካ ይባላል። ጀግናው በግንባሩ የክብር ጌጥ አለው። ሚስቶቹ ከጎኑ ይቆማሉ። የገደላቸው ጠላቶችም አብረው ይቀረጻሉ። ፊደል ያልቆጠረው አላፊ አግዳሚ ይህን ሁሉ ያነበው ነበር ማለት ነው!

በምዕራብ አፍሪካ፣ በኮትዲቯር የሚኖሩ ባውሌዎችም እንደ እናንተ ቡና ያለማሉ። ከእንጨት ሰው ሲቀርጹ ጠጉሩን በሥርዓት ያሳምሩታል፤ ባቱንም ያወፍሩታል። ወፍራም ባት የሠራተኛ ምልክት ነው። ለነሱ ቆንጆ ማለት ራሱን የጠበቀ፣ ሥራ የሚወድ ሰው ነው። ይህስ ከጌዴኦ ገበሬ ሐሳብ ይርቃልን?

ከዋካዎቹ ብዙዎቹ ተሰርቀው ተሽጠዋል። የተረፉት ጥቂቶች በካራት ከተማ ሙዚየም ተቀምጠዋል። የእኛ ድንጋይ ከባድ ነውና እንደ እንጨት በቀላሉ አይሰረቅም። ነገር ግን ለአጥር ወይም ለቤት መሠረት ከተፈለጠ አለቀ፤ አይመለስም።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ የጌዴኦ መልክአ ምድር ከነትክል ድንጋዩ፣ ከነእንሰቱና ከነቡናው በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሳካሮ ሶዶ ያሉት ድንጋዮች 2,000 ዓመት ገደማ እንደሆናቸው በጥናት ታውቋል። ይህ የታወቀው ድንጋዩን በማየት ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የተቀበረው ተመርምሮ ነው። ስለዚህ ስታርሱ የወደቀ ድንጋይ ብታገኙ አታንሡት፣ ሥሩንም አትቆፍሩ። ሞፈሩን ዞር አድርጋችሁ እለፉና ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ንገሩ።