የመመሪያ ጽሑፍን በሥራ ላይ ስለ ማዋል

(በቁሐር ሚካኤል ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችሁ ስለሚገኝ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ስለማይነበብ ነገር ነው። ይኸውም በፀረ-አረም መድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ ከውሃ መሳቢያ ሞተር ጋር በካርቶን የሚመጣው መጽሐፍ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የታተመው ቍጥር፣ በስልክም የሚነገረው የእርሻ ምክር ነው። እነዚህ ሁሉ መመሪያዎች ናቸው። የዕቃው ዋጋ ሲከፈል የመመሪያውም ዋጋ አብሮ ተከፍሏልና የገዛችሁት ንብረት መሆኑን ልብ በሉ።

በፎገራ ሜዳ ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች ርዳታ ሲሞከር ገበሬው የተማረው ከወረቀት አይደለም። ኤክስ-ጅግና የምንለው ዘር ስሙን ከጅግና ቢያገኝም፣ ሜዳውን ሁሉ ያዳረሰው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በቁና እየተሰፈረ ነው። ይህ የአባቶቻችን የአስተማማኝ መንገድ ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ዘር ሲበዛ ወይም ሲሳሳ በዐይን ይታያል፤ ጎረቤት ያጠፋውን ጎረቤት አይቶ ያርማል። መድኃኒት ግን እንዲህ አይደለም። በውሃ ውስጥ ከተበጠበጠ በኋላ አንድ ክዳን ይሁን ሦስት ክዳን ማንም አይለየውም። ጥፋቱ የሚታወቀው ሰብሉ ሲደርቅ ወይም የረጨው ሰው ማታ ራሱን ሲያመው ነው። ስለዚህ ጎረቤት የማያሳየውን ነገር ከጽሑፉ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ሰው መመሪያን የማያነበው ስላልተማረ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። በአሜሪካ አገር ጆን ካሮል የሚባል ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የቢሮ ጸሐፊዎች አዲስ የጽሕፈት ኮምፒዩተር ሲለማመዱ ተከታትሎ ነበር። እነዚያ የተማሩ ሰዎች ወፍራሙን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አላነበቡም። ወዲያው ቁልፉን መነካካት ጀመሩ፤ መጽሐፉን የገለጡት ሲቸግራቸው ነው፤ በዚያን ጊዜም የሚፈልጉት ቦታ አልተገኘላቸውም። ተመራማሪው መጽሐፉን አሳጥሮ፣ ሥራውን ከፊት አስቀድሞ፣ ስሕተት ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ጨምሮ ቢሰጣቸው ፈጥነው ተማሩ። እንግዲህ አዲስ ዕቃ ሲገዛ ወዲያው ማስነሣት የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። ይህን ጠባይ እንዳለ ተቀብለን፣ ከመነካካታችን በፊት የግድ መታወቅ ያለባቸውን ጥቂት ነገሮች ብቻ እንለይ።

ከርብና ከጉማራ ውሃ የምትስቡበትን ሞተር እንመልከት። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ነው፤ ሥዕል ግን አለው። ከመጀመሪያው መነሣት በፊት ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ። አንደኛ፣ የሞተር ዘይት አለበት ወይ? ብዙ አዳዲስ ሞተሮች ከፋብሪካ የሚወጡት ያለ ዘይት ስለሆነ፣ ሳይሞላ የተነሣ ሞተር በአንድ ቀን ይበላሻል። ሁለተኛ፣ የሚጠጣው ቤንዚን ነው ወይስ ናፍጣ? ሦስተኛ፣ ውሃ የሚስበው ክፍል አስቀድሞ በውሃ ተሞልቷል ወይ? ደረቁን ከዞረ ውሃ እንዳያፈስ የሚጠብቀው ማኅተም ይቃጠላል። እነዚህን ሦስት የሚያሳዩት ሥዕሎች ከሻጩ ዘንድ ሳትነሡ ይጠቆሙላችሁ። ዘይቱ የሚሞላበትን ቀዳዳ በጣቱ ካላሳያችሁ ገንዘቡን አትቍጠሩለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መድኃኒቱ እንምጣ።

ጠርሙሱ ላይ ከፊደሉ ሁሉ በፊት ከወረቀቱ ግርጌ ያለውን ቀለም ተመልከቱ። ቀይ እጅግ አደገኛ መርዝ ነው፤ ቢጫ ከእርሱ ያነሰ ነገር ግን ጐጂ ነው፤ ሰማያዊና አረንጓዴ እየቀለሉ የሚሄዱ ናቸው። አረንጓዴ ማለት ግን ለልጅ ወይም ለከብት አይጎዳም ማለት አይደለም። አንዳንድ ሰው ቀለሙ ለጌጥ የተደረገ ይመስለዋል። ሥዕሎቹም እንደዚሁ ናቸው፤ የጓንት ሥዕል ካለ ጓንት አድርግ ማለት ነው፤ የዓሣ ሥዕል ካለ ውሃ ውስጥ አትጨምረው ማለት ነው። ሥዕሉን ዐይቶ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን መድኃኒት ነው ብሎ የሚተረጕም ሰው ቢገኝ ሊፈረድበት አይገባም፤ ሥዕሉን የሠራው ሰው ጣና ዳር ያለ ገበሬ እንዴት እንደሚያየው አልጠየቀውምና። እናንተ ግን የሥዕሉን ትርጕም ስለምታውቁት መርጫችሁን ከወንዝ ውስጥ አትጠቡ፤ ከብቱም ከዚያው ይጠጣል።

ከዚያ ቀጥሎ የመድኃኒቱን ስም ለዩ። ቱ-ፎር-ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል፤ ሩዙን በትክክለኛው ጊዜና መጠን ከሆነ ይተወዋል፤ ሣር መሰሉንም አረም አይነካም። ግላይፎሴት ግን አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ፣ ሩዙንም ጭምር ይፈጃል። ሁለቱም በተመሳሳይ ጠርሙስ ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ማንበብ የማትችሉ ብትሆኑ የገዛችሁትን ዕለት በልጃችሁ አስነብባችሁ፣ በግላይፎሴቱ ጠርሙስ አንገት ላይ ጥቁር ክር እሰሩበት፤ በጨለማም በእጅ ይታወቃል። ቱ-ፎር-ዲ የተረጨበት መርጫ በደንብ ሳይታጠብ ቲማቲም ወይም በርበሬ ላይ ቢረጭ ቅጠሉ ይጨማደዳል፤ ጓያና ሽምብራም እንዲሁ ይጎዳሉ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ልኩ ነው። ወረቀቱ በሄክታር ይናገራል፤ ገበሬው በጥማድ ያስባል። በልማድ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ይባላል፤ ጥማድ ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ማሳችሁን በሜትር ለኩ። ኀምሳ ሜትር በኀምሳ ሜትር የሆነ መሬት የሄክታር ሩብ ነው። ለምሳሌ ያህል ወረቀቱ ለአንድ ሄክታር 1 ሊትር መድኃኒት በ200 ሊትር ውሃ ቢል፣ ለሩብ ሄክታር 250 ሚሊ ሊትር መድኃኒትና 50 ሊትር ውሃ ይሆናል። መርጫችሁ 20 ሊትር የሚይዝ ከሆነ ሁለት ሙሉና አንድ ግማሽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሙሉ 100 ሚሊ ሊትር፣ ለግማሹ 50 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። በክዳን አትስፈሩ፤ የክዳኑ ስፋት ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል።

እጃችሁ ምን ያህል እንደሚረጭ ለማወቅም አሥር ሜትር በአሥር ሜትር መሬት ከልላችሁ በንጹሕ ውሃ ብቻ ርጩ። ያለቀው ውሃ 2 ሊትር ከሆነ በሄክታር 200 ሊትር ትረጫላችሁ ማለት ነው። አራት ሊትር ካለቀ አካሄዳችሁ ዘገምተኛ ነው፤ በዚያው አካሄድ መድኃኒት ቢረጭ ሩዙ እጥፍ ይጠጣል።

የማዳበሪያው ቍጥር ይቀላል። በዩሪያ ከረጢት ላይ 46 ከተጻፈ ከመቶ ኪሎ 46ቱ ናይትሮጅን ነው፤ ስለዚህ 50 ኪሎ ከረጢት 23 ኪሎ ይይዛል። ኤን.ፒ.ኤስ 19 ናይትሮጅን ብቻ ስላለው አንዱ በሌላው ፈንታ አይተካም።

ስለ ስልኩ። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር 8028 የተባለውን የነፃ ስልክ ጀመረ፤ በአማርኛም ይናገር ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ስልክ የሚናገረው ማሽን ስለሆነ «ሩዜ ቢጫ ሆነ» ቢሉት አይመልስም። ሰብሉን፣ ከዚያም የሥራውን ደረጃ በቍጥር እየነካችሁ እንድትመርጡ ይጠብቃል። ስልኩ ጆሮ ላይ ሳለ ቍጥሩ አይታይም፤ አንሥቶ እስኪያዩትም ድምፁ ያልፋል። አዛውንት ሁለት ጊዜ ሞክረው ቢተዉት ያስደንቃልን? ድምፅ ማጉያውን ክፈቱ፤ ስልኩን ከፊት አስቀምጡ፤ ተማሪው ልጅ ይንካ፣ ወላጅ ይምረጥ።

እንግዲህ እናንተ የልማት ሠራተኞች። ገበሬው «ገብቶኛል» የሚላችሁ ብዙ ጊዜ ለአክብሮት ነው፤ እንዳያሳፍራችሁና እንዳያፍር። ስለዚህ «ገባችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የጻፋችሁትን ወረቀት ለአንድ ገበሬ ስጡት፤ መርጫውን በንጹሕ ውሃ ሙሉለትና በፊታችሁ ይሥራ። አፋችሁን ዝጉ፤ አትጠቁሙት። እጁ የቆመበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ወረቀታችሁ የሚታረመው በዚያ ላይ ነው። በሦስት ሰው ከሞከራችሁት፣ አንዱ ፊደል የማይቈጥር ይሁን፣ አንዷም ሴት ትሁን፤ መድኃኒቱ በብዙ ቤት የሚቀመጠው ከማድ ቤት አጠገብ ስለሆነ የእርስዋ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል።

በቀበሌው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ግድግዳ ላይ አሁን የተናገርነውን የጥማድ ሂሳብ ለ16 እና ለ20 ሊትር መርጫ ለየብቻ በትልልቅ ፊደል ጻፉት። በ16 ሊትር መርጫ ለሩብ ሄክታር የሚያስፈልገው ሦስት ሙሉና 2 ሊትር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሙሉ 80 ሚሊ ሊትር፣ ለሁለቱ ሊትር 10 ሚሊ ሊትር። የመድኃኒቱ ወረቀት ሌላ ልክ ካዘዘ ግድግዳው ወዲያው ይታረም፤ የታረመበትም ቀን ከግርጌው ይጻፍ።