በግል የገቡት ፕሬዝዳንት

በ1997ቱ ምርጫ ከ547ቱ የፓርላማ ወንበሮች በግል ተወዳዳሪ የተያዘው አንድ ብቻ ነበር፤ የደምቢ ዶሎው። ያሸነፉት ደግሞ የቀድሞው ፕሬዝዳንት፣ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው።

ወንበሩ ግን ዋጋ አስከፍሏቸዋል። ከሥልጣን በወረዱ ሰሞን የወጣ አዋጅ፣ ተሰናባች ፕሬዝዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ እንዲርቅ ያዝዝ ነበር። አለዚያ ጥቅማ ጥቅሙ ይቀርበት ነበር። ነጋሶም ፓርቲ የሌለው ሰው እንዴት በፓርቲ ፖለቲካ ይጠየቃል ሲሉ ተሟገቱ። በእኔ ግምት ውኃ የሚያነሳ ሙግት ነበር። አልተሳካላቸውም፤ ጥቅማ ጥቅሙ ቀረ።

ኋላ አንድነት ፓርቲን ተቀላቅለው ሊቀመንበሩ ሆኑ። በቀጣዩ የ2002 ምርጫ ደግሞ በግል ተወዳድረው ፓርላማ የገቡት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ናቸው፤ እሳቸውም ብቻቸውን፣ ከቦንጋ።